ከመግሪብ እስከ ኢሻ የነበረው ትምህርት ቤት

የአዳራሹ በር እንደተከፈተ የአዲስ ዕቃ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወንበሮቹ ናቸው። መንግሥት የኢስትሊ ድሃ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያጠኑበት ቦታ ይኑራቸው ብሎ በመደበው ገንዘብ የተገዙ ሰማያዊ ወንበሮች፣ ከፋብሪካ እንደወጡ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ማንም አልተቀመጠባቸውም። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች እስኪያዩዋቸው ድረስ ንጹሕ ሆነው መቆየት ስላለባቸው ላስቲኩ እንዳይነሳ ተብሏል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያ ዓመት የመምህርነት ተማሪ ነኝ፤ ለልምምድ የተመደብኩትም እዚህ ነው። ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ የቤት ሥራዬን ከቀኑ አሳልፌ አላውቅም፣ አትንኩ የተባለውንም አልነካም። ስለዚህ ላስቲኩን አልነካሁትም፤ ቆሜ ብቻ አሸተትኩት። የታሸገ አዲስ ነገር ሽታ ደግሞ፣ ጨርቅም ይሁን ወንበር፣ እኔን የሚወስደኝ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ወደ አጎቴ መጋዘን።

ያኔ ኢስትሊ እንደዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ሎጅ የሚባሉት ቤቶች መጀመሪያ ለመኝታ ተሠርተው ኋላ ላይ ክፍሎቻቸው አንድ በአንድ ሱቅ ሆኑ፤ አልጋው ወጣ፣ ጨርቁ ገባ፤ ሰው ትናንት ባደረበት ክፍል ዛሬ ሽርጥ ሲያማርጥ ይውል ነበር። ዝናብ የዘነበ ቀን መንገዱ ጭቃ ብቻ ይሆናል፤ ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያልፋሉ፤ ማታቱው፣ ማለት የሰፈሩ ታክሲ፣ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየረጨ፣ ሙዚቃውን የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ከፍቶ ይመጣል። ጥግ ላይ የነበረው የካሴት ሱቅ ጠዋት የሶማሌ ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ዘፈን ያሰማ ነበር፤ ባለሱቁ ሰዎች የሚያለቅሱት ከሰዓት በኋላ ነው ይል ነበር። አንድ ማንዳዚ፣ ያ በዘይት የሚጠበሰው ሊጥ፣ አንድ ሽልንግ ነበር፤ ሻጯ ደግሞ ፊትሽን ከወደደችው ሁለተኛውን ትመርቅልሻለች። እኛ የቤቱ ሴቶች የምንለብሰው አጎቴ መሸጥ ያቃተውን ጨርቅ ነበር። በዚያ ዘመን የኢስትሊ ሴት ምን ዓይነት ቀለም እንደማትወድ ማወቅ የፈለገ ሰው እኔን ማየት ይበቃው ነበር።

ከሞያሌ የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። እንግሊዝኛ አልችልም፣ ስዋሂሊ የማውቀው የገበያ ስዋሂሊ ነው። ትምህርት ቤት ገባሁ፤ መምህሩ የሚለው አይገባኝም፤ የቤት ሥራ ይዤ እመለሳለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚያስረዳኝ ሰው የለም። ስምንት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ደብተር የሚዘረጋበት ቦታም የለም። እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነበር። መንግሥት በዚያ ዘመን ለእኛ የሚልከው ነገር ቢኖር ወረቀት የሚጠይቅ ፖሊስ ነው። በዚህ መሀል ነው መምህር ሀብተአብ የመጣው። ኤርትራዊ ነው፤ ካቶሊክ። አስመራ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለነበር አማርኛው ከመጽሐፍ የወጣ ይመስላል፤ የሚረግመን እንኳ ሰዋስው ጠብቆ ነው። አንድ ቡናማ ሱፍ ነበረው፤ ክርኑ ላይ ተጣፍፏል፤ ክራባቱን ግን በጭቃ ቀንም አይፈታም። የማይንቀው ሰው አልነበረም። ነጋዴን ይንቃል፣ ስደተኛን ይንቃል፣ ራሱም ስደተኛ መሆኑን ስናስታውሰው "እኔ መንገደኛ ነኝ" ይላል። አጎቴ ደብዳቤ ሊያጽፈው ጠርቶት፣ እኔ የቤት ሥራዬን መሬት ላይ ተንበርክኬ ስሠራ አየኝና፣ "ይህቺን ልጅ እንደ ፍየል መሬት ያስጋጣት ማነው?" አለ። አጎቴ ተቀየመ። ቢሆንም በማግስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠው።

መጋዘኑ ውስጥ ወንበር አልነበረም። የነበረው ቦንዳ ነው፤ በገመድ የታሰረ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የጨርቅ ቦንዳ። እዚያ ላይ ተቀመጥን። ትንንሾቹ ከፍ ያለው ላይ ይወጣሉ፤ ረዘም ያልነው ዝቅ ያለው ላይ። የዚያ ክፍል ችግር ግን አንድ ነበር፤ ወንበራችን ለሽያጭ የቀረበ መሆኑ። ሒሳብ እየሠራን ሳለ ተሸካሚ ይገባና "ይቅርታ፣ አረንጓዴው ተሽጧል" ይላል፤ አረንጓዴው ላይ የተቀመጠው ልጅ ይወርዳል። "ቲቸር፣ ወንበሬ ተሸጠ" ማለት የተለመደ ነገር ነበር። መምህር ሀብተአብም ቀና ሳይል፣ "እንኳን ተሸጠ፤ ከአንተ የሚሻል ሰው ሊለብሰው ነው፤ ወደዚያኛው ሂድ" ይላል። ስቀን ሳንጨርስ ቀጣዩ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን የተቀመጠበት አልነበረም። መምህር ሀብተአብ ትምህርት ቤት እንደተለቀቀ፣ በአስር ሰዓት ነው ልጆች ይምጡ ያለው። ማንም አልመጣም። እኔና የአጎቴ ልጅ ብቻ ነን፣ እኛም የቤቱ ስለሆንን። ብዙ ቀን እንዲሁ ክራባቱን አስሮ ቦንዳ መሀል ቆመ። "ነጋዴ ልጁን ራሱን ይሸጣል እንጂ አያስተምርም" እያለ ሲሳደብ፣ አጎቴ፣ "መምህር፣ ልጆቹ እኮ በዚህ ሰዓት ቁርአን ቤት ናቸው" አለው። ይሄን ጊዜ ባሰበት። ኮቱን ቆልፎ ከሼህ አብዱ ጋር ሊጣላ ሄደ። እኛ ኋላው ተከተልነው፤ ጠብ ማን ይጠላል። ሼህ አብዱ ከልጆቹ ላይ ዐይናቸውን ሳያነሱ፣ በእጃቸው ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ አሉት። አወለቀ። ካልሲው የተቀደደ ነበር፤ ያን ያየነው የዚያን ቀን ነው። በር ሥር ተቀምጦ ልጆቹ ተራ በተራ ቁርአን ሲቀሩ ሰማ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ አንዲት ቃል የሳተ ሼሁ ሳይናገሩ ራሱ ተመልሶ ያስተካክላል። ሊጣላ የሄደው ሰው እስከ መጨረሻው ቁጭ አለ። ሲወጣ አንድ ልጅ ጫማውን ሲያቀርብለት፣ "ይህን ሁሉ በቃላቸው የሚይዙ ከሆነ የማባዣ ሠንጠረዥ አቅቷቸው አይደለማ፤ ሰነፎቹ እኛ ነን" አለ። ሼህ አብዱም፣ "መግሪብ ከሰገዱ በኋላ ያንተ ናቸው፤ ኢሻ ሲሉ መልሳቸው" አሉት። አለቀ። ስብሰባ የለ፣ ውይይት የለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወላችን አዛን ሆነ። የጀምበር መጥለቂያው መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ መጋዘኑ ይሞላል፤ የክርስቲያን ልጆችም ሰዓቱን ያውቁታል፣ ቀድመው መጥተው ጥሩ ጥሩውን ቦንዳ ይይዛሉ፤ በዚህ ሁልጊዜ እንጣላ ነበር። መምህር ሀብተአብ ስንሰግድ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ አንድ ሲጃራ ያጨሳል። የማታው ኢሻ ሲጠራ ደግሞ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጨርስም፤ ጠመኔውን አስቀምጦ "ተነሡ፣ ባለቤቶቻችሁ ጠሯችሁ" ይላል። እንግሊዝኛ የገባኝ እዚያ ነው። ንቀትም የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዛሬም ሁለቱንም እጠቀምባቸዋለሁ።

ከልጆቹ አንዱ ሙስጠፋ ይባላል። የመምህር ሀብተአብን ጫማ ያቀረበለት ያ ልጅ እሱ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን ቦንዳ ላይ እግሩን አጣምሮ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ ነበር የሚቀመጠው። መምህሩ ይህን አይችልም ነበር። "አንተ ባለቢሮ" ይለዋል፤ ከዚያ ጠመኔ ይወረውርበታል። ኢላማውን አይስትም። እኛ ስሙን ረስተን ባለቢሮ እንለው ጀመር። በዚያ ክፍል ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም፤ ባለቢሮ ማለት ሳይሠራ የሚደክመው፣ ሳይጠይቅ የሚወስን ሰው ማለት ነበር። ሙስጠፋ አድጎ ተምሮ ሀብታሞቹ ሰፈር ዌስትላንድስ ውስጥ ቢሮ ገባ። መምህር ሀብተአብ ይህን ሳያይ ሞተ። ቢያይ ኖሮ ያዝን ነበር ብዬ አላስብም፤ ጠመኔ ይፈልግ ነበር።

እሱ ሲሞት ክፍሉን እኔ ያዝኩት። ሌላ የሚይዘው ስላልነበረ ነው። መጋዘኑ የኔ ሱቅ ሆኖ ነበር፤ ቀን እሸጣለሁ፣ ከመግሪብ በኋላ ልጆቹ ቦንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ዓመት እንዲህ ቆየን፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ልጆቻቸውን ላኩ። አምና ባለቤቱ መጋዘኑ ያለበትን ሎጅ አፍርሶ የገበያ ማዕከል ሊሠራበት ተነሣ። እኔ መንገድ ዳር የምታስቆመኝ አንዲት መደርደሪያ አገኘሁ፤ ለልጆቹ ግን የሚሆን ቦታ አልተገኘም። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ሰሚራ፣ ዘንድሮ ትልቁን ፈተና የምትወስደው፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ያሉበት ሎጅ ደረጃ ላይ ሆነ። ደረጃው ላይ ያለው መብራት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ዓይነት ነው፤ ሲጠፋ ተነሥታ ማብሪያውን ትጫነዋለች፣ ሁለት መስመር ስትጽፍ ደግሞ ይጠፋል። ወጪ ወራጁ ይረግጣታል። አንድ ቀን ደብተሯ ላይ የጫማ ምልክት አይቼ ምንድነው ስላት፣ "እማ ዘሀራ፣ እሱ ምንም አይደል፣ ማርጂን ላይ ነው" አለችኝ።

መንግሥት በድሃ ሰፈሮች ከትምህርት በኋላ ለሚሰጥ ጥናት ገንዘብ መደበ፣ ኢስትሊም ይደርሳታል ሲባል የሰማሁት በዚህ መሀል ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሄጄ ልርዳ አልኩ። ሰርተፊኬት አለሽ ወይ አሉኝ። ስንት ልጅ እኔ ጋ ፊደል እንደቆጠረ ልነግራቸው ስል፣ ጠያቂዋ ልጅ በትሕትና ሰርተፊኬት ብላ ደገመችልኝ። እሺ አልኩ። ፓርክላንድስ ካለ ኮሌጅ ተመዘገብኩ፣ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ክፍል ገባሁ። መምህራችን የሚጽፍ ሰው ንቀቱን ከወረቀት ውጭ ያስቀምጥ ብላናለች። ሌላ ወረቀት ላይ እሞክራለሁ።

አዳራሹ የተመረቀ ቀን ሁሉም ነገር ነበር። ድንኳን ነበር፤ "ከትምህርት በኋላም እንማራለን" የሚል የተጻፈበት ቢጫ ካናቴራ ነበር፤ ፕሮጀክተር ነበር። ልጅ ግን አልነበረም። በዚያ የመምህራን ስብሰባ በሚመስል ሕዝብ ፊት ንግግር ያደረገው የፕሮግራሙ ኃላፊ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለቢሮ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ አቀማመጡ ግን ያው ነው። ማይኩን ይዞ፣ "ከዚህ በፊት እዚህ ሰፈር ለልጆች ምንም አልነበረም" አለ። አጨበጨቡለት። እኔም ልምምድ ላይ ስለሆንኩ አጨበጨብኩ።

ሲያበቃ ጠጋ አልኩት። "ሙስጠፋ፣ ምንም አልነበረም አልክ።"

አወቀኝ። ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። "ዘሀራ፣ እሱ እኮ የንግግር ወግ ነው። ፈንድ የሚሰጡ ሰዎች የሚወዱት ባዶ ቦታ ነው።"

"ቦንዳ ላይ የተማርከውስ?"

"ቦንዳ?" ግንባሩን ነካ። "እኔ ከዚያ ክፍል የማስታውሰው ጠመኔ ነው። እስቲ ዛሬ ልጅ ላይ ጠመኔ ወርውሪና የሚሆነውን እናያለን።"

በዚህ እውነት አለው። የልምምዴን ወረቀት የሚፈርመው እሱ መሆኑን የሰማሁት ደግሞ ያኔ ነው። ፈገግ አልኩና ወንበር አስተካከልኩ።

ሥራ ተጀመረ። ሰዓቱ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ነው። ልክ እንደ መምህር ሀብተአብ የመጀመሪያ ሳምንት! ቢጫ የለበሱት መምህራን በአስር ሰዓት ይመጣሉ፣ ባዶ ወንበር ፊት ይቀመጣሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ በአስራ ሁለት ሰዓት በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ። ሁለት የክርስቲያን ልጆች መጥተው ነበር፤ ጨዋታ የሌለበት መሆኑን አይተው ቀሩ። አዳራሹ ተቆልፎ ሰፈሩ ሲመሽ ሰሚራ ከቁርአን ቤት ወጥታ ደረጃዋ ላይ ትቀመጣለች። መብራቱ ይጠፋል። ትጫነዋለች። ከደረጃው መስኮት የአዳራሹ ጣሪያ ይታያል።

ሙስጠፋን እንደገና ያዝኩት። "ሰዓቱን ቀይረው። ልጆቹ ቁርአን ቤት ናቸው።"

"አይቻልም። የሚቆጣጠሩን ሰዎች ከዌስትላንድስ ነው የሚመጡት። አስራ ሁለት ካለፈ በኋላ የመኪና ጃም ውስጥ ናቸው።"

"ልጆቹ የማይማሩት ሰዎቹ መንገድ እንዳይዘጋባቸው ነው ማለት ነው።"

"አታጣምሚብኝ። ፕሮፖዛሉ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ነው የሚለው። አንዴ ጸድቋል።"

"ሀብተአብም በአስር ሰዓት ነበር የጀመረው። ሄዶ ጠየቀና ቀየረው። ጫማውን ያቀረብክለት አንተ ነህ።"

ቀስ ብሎ፣ "ሀብተአብ አለቃ አልነበረበትም" አለ።

ከዚህ ንግግር በኋላ ትንሽ አዘንኩለት ማለት አለብኝ። ሐዘኔ ግን አልቆየም፤ ምክንያቱም በሳምንቱ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ልጆች ለምን እንደማይመጡ አጠና። ያጠናው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ያገኘው መልስም ማኅበረሰቡ የትምህርት ጥቅም ገና አልገባውም የሚል ሆነ። መፍትሔው ወላጆችን ማንቃት ነው፤ ለዚህም ሌላ ገንዘብ ይጠየቃል። እኔ ከጎኑ ቆሜ ሻይ እቀዳለታለሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ በተከፈተው መስኮት፣ ያ ትምህርት ያልገባው ማኅበረሰብ ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ይሰማል። "እዚያ ደግሞ ምንድነው የሚጮኸው?" አለኝ። "ልጆች ናቸው" አልኩት። ጻፈው ወይ? አልጻፈውም።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ሙስጠፋ ከቀትር በፊት ደወለልኝ፤ ድምፁ ከስቷል።

"ዘሀራ፣ ልጆች ፈልጊልኝ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ካገኙት ይዘጉታል።"

"በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?"

"አስር ተኩል።"

"ቁርአን ቤት ናቸው አልኩህ እኮ።"

"ለዛሬ ብቻ ይውጡ። ሼሁ ያውቁሻል፣ እምቢ አይሉሽም።" ከዚያ ጨመረበት። "ያንቺም ወረቀት እኔ ጋ ነው፣ አልረሳሽም አይደል?"

አልረሳሁም። የተማሪ ነገር እንዲህ ነው፤ እግሬ ታዝዞ ሄደ። ቁርአን ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። የልጆቹ ጫማ ተደርድሯል፤ የሰሚራን በቀይ ማሰሪያው ለየሁት። ሼህ አብዱ ካለፉ ቆይተዋል፤ በቦታቸው ልጃቸው ተቀምጧል። አየኝና እንደ አባቱ በእጁ ግቢ አለኝ። ሰሚራ ተራዋ ደርሶ እየቀራች ነበር፤ ዐይኗን ጨፍናለች፤ አንድ ቦታ ሳተች፣ ማንም ሳይነግራት ተመለሰችበት። እዚያ በር ሥር፣ የተቀደደ ካልሲ ለብሶ አንድ ኩሩ ሰው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ፣ ይህን አቋርጬ ልጆቹን ለፎቶ ልወስድ መሆኔ ታወቀኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። አዳራሹ ቢዘጋ ሰሚራ ከደረጃው እንደማትነሣ እያወቅኩ ነው የተመለስኩት፤ መንገዱን ሙሉ ልክ ሠራሁ ብዬ አላሰብኩም።

አስር ተኩል ሆነ። እንግዶች የሉም። ሙስጠፋ ከበሩ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ በሩ ይመላለሳል። ጭማቂው ሞቀ። ቢጫ ለባሾቹ ብስኩቱን ዐይናቸውን ሰርቀው መብላት ጀመሩ። አስራ አንድ ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ፤ "ጃም ውስጥ ናቸው፤ ገና አልተንቀሳቀሱም" አለ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልለየለትም። እኔ ግን ለየልኝ፤ ዘወር ብዬ ሳቅሁ። ኢስትሊ እንዳይመሽባቸው ሰዓቱን የቆረጡት ሰዎች በገዛ መንገዳቸው ታግተው ወደ እኛ ሰዓት ሲጎተቱ ማየት፣ እንኳን ተማሪ መምህር ሀብተአብንም ያሥቀዋል።

መኪኖቹ ሲቆሙ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ቁርአን ቤቱ ተለቀቀ። ልጆቹ መንገዱን ሞሉት። ሰሚራ የአዳራሹን መብራት አየች፤ በዚህ ሰዓት በርቶ አይታው አታውቅም። በሩ ላይ መጥታ፣ "እማ፣ ዛሬ ኦፕን ነው?" አለችኝ።

"ነው። ግቢ።"

እሷ ስትገባ ሌሎቹ ተከተሏት። ላስቲኩ ወንበሮቹ ላይ ሲንጫጫ ተሰማ። ልጆቹ ጭማቂውን አይተው ዝም አላሉም፤ ቢሆንም ከጭማቂው በኋላ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የቤት ሥራ ነበራቸው፤ ብርሃንና ጠረጴዛ ደግሞ አገኙ። ሌላ ምን ያደርጋሉ? ከእንግዶቹ መሀል ትልቋ፣ ሽቶዋ ከመኪናው ቀድሞ የደረሰው ሴትዮ፣ አዳራሹን አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "ሁልጊዜ እንዲህ ይሞላል?" አለችኝ።

ሙስጠፋ መተንፈስ አቆመ።

"ማዳም" አልኳት፣ "በዚህ ሰዓት ከመጡ ሁልጊዜም ያገኟቸዋል።"

ሰዓቷን ታያለች ብዬ ጠበቅኩ። አላየችም። ፎቶ ተነሣች። መግሪብ ሲጠራ ልጆቹ ብድግ ሲሉ፣ ለእሷ ክብር የተነሡ መስሏት አጨበጨበችላቸው፤ ከዚያ ጃሙ ይጠብቃቸዋልና ቶሎ ሄዱ።

በኋላ የመጣው ውሳኔ እንዲህ ይላል፤ ፕሮግራሙ ተሳክቷል፣ ገንዘቡ ይቀጥላል፣ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ያለው ሰዓትም ለሰፈሩ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ በሌሎች ሰፈሮችም እንዲሁ ይሁን። ሙስጠፋ ይህን ሲነግረኝ ዐይኔን አላየም። የልምምድ ወረቀቴን አውጥቶ ፈረመ፤ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈበት። ከዚያም፣ "አላጋለጥሽኝም። ምን ላድርግልሽ?" አለ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"የምኑን ቁልፍ?"

"የአዳራሹን። ከአስራ ሁለት በኋላ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?"

እግሩን አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ዘበኛው ብዙ ተናገረ። ጨርስ ብዬ ጠበቅኩት። ሲያበቃ መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። "ጠመኔ ግን እንዳትወረውሪ" አለ።

አሁን በየምሽቱ በር ላይ እንገናኛለን። ቢጫ ካናቴራዎቹ ደመወዛቸውን ተቀምጠው ሠርተው ይወጣሉ፤ እኛ ከሶላት መጥተን እንገባለን። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ሰው ናቸው፣ ደክሟችኋል፣ በርቱ እላቸዋለሁ። መንግሥት ለኢስትሊ ልጆች ወንበርና መብራት ገዝቷል፤ ልጆቹ ግን የሚጠቀሙበት መንግሥት ቤቱ ሲገባ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ሰሚራ ፊት ያለውን ወንበር ይዛ ደብተሯን ዘረጋች። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ላስቲኩ ይንጫጫል። ትንሽ ታገሠችና ቀና አለች።

"እማ፣ ይሄ ነገር ይንሸራተታል። እንዳይነሣ ብለዋል አይደል?"

"ብለዋል።"

"እና?"

ተማሪ ነኝ፣ የታዘዝኩትን አደርጋለሁ ብያለሁ። ኢሻ ሊጠራ ገና ጊዜ ነበረን።

"ቅደጂው" አልኳት።